ከንፈሯ ደንዝዞ ጥርሷ አልደነዝዝ ያለ ታካሚ፤ ምን ልጨምር?

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ ነርቩ የተቆጣባት፣ መርፌ አጥብቃ የምትፈራ ታካሚ ነገ ጠዋት ለሩት ካናል (የጥርሱን የውስጥ ነርቭ አውጥቶ ለማጽዳት) ትመለሳለች።

እስካሁን የተደረገው ይህ ነው፦ ድዱን አድርቄ የማደንዘዣ ጄል ለ2 ደቂቃ። ከዚያ 2 በመቶ ሊዶኬይን (የማደንዘዣ መርፌ) ከአድሬናሊን ጋር፣ 1.8 ሚሊ ሊትር፣ ከ1 ደቂቃ በላይ ወስጄ ቀስ ብዬ ሰጠሁ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደገምኩ። ድምሩ 72 ሚሊ ግራም፣ ለ55 ኪሎዋ ከገደቡ ገና ሩቅ ነው። ከንፈሯና አገጯ በድን ሆኗል። መሰርሰሪያው ዴንቲን (ከጥርሱ ጠንካራ ሽፋን ሥር ያለውን ክፍል) ሲነካ ግን የእግሯ ጣቶች ይኮማተራሉ፣ ግራ እጇ ይነሳል (እጅሽን ካነሳሽ ወዲያው አቆማለሁ ብያታለሁ፤ አቁሜያለሁም)።

የተቆጣ ነርቭ ማደንዘዣ በቀላሉ እንደማይቀበል ስለማውቅ «ፍርሃት ነው» ብዬ አላልፈውም። አድሬናሊኑ ልቧን ሲያስመታት ደግሞ ፍርሃቷ ይብስባታል፤ ነገ አስቀድሜ እነግራታለሁ።

አርቲኬይን የተባለው ሌላው ማደንዘዣም የሚያረጋጋ ጋዝም የለንም። ከሕክምናው 1 ሰዓት በፊት ኢቡፕሮፌን ልሰጣት አስቤያለሁ፤ ጨጓራም አስምም የለባትም፣ እርጉዝም አይደለችም። በጥርሱና በአጥንቱ መካከል የሚሰጠውን ማደንዘዣ በተራው ሲሪንጅ የሞከራችሁ፣ በየሥሩ ስንት ትሰጣላችሁ? ቀጭኑ መርፌ እንዳይታጠፍስ እንዴት ትይዙታላችሁ? እባካችሁ ዛሬ ማታ መልሱልኝ።