ለዓመታት ተጠባባቂ የነበረ ኳርተርባክ እንዲህ ያለ ጨዋታ እንዴት ይገለብጣል?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦ ጤና ይስጥልኝ። እኛ እዚህ የእግር ኳስ ሰዎች ብንሆንም፣ ትናንት ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ጓደኛዬ በስልኩ ያሳየኝ የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ እንቅልፍ ነስቶኛል። በፈረንጆቹ ጥር 3 ቀን 1993 በተደረገው የጥሎ ማለፍ ግጥሚያ፣ ቡፋሎ ቢልስ በሂዩስተን ኦይለርስ 35 ለ 3 ሲመራ ቆይቶ፣ በተጎዳው ቋሚ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳስ የሚያቀብለው ተጫዋች) ጂም ኬሊ ምትክ የተሰለፈው ፍራንክ ራይክ ባለቀ ጨዋታ ነፍስ ዘርቶ ቡድኑ በጭማሪ ሰዓት 41 ለ 38 አሸነፈ። ምስጢሩ ምንድን ነው?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ራይክ እኮ ለጉዳዩ እንግዳ አልነበረም። በ1984 ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት፣ ተቀይሮ ገብቶ ማያሚ 31 ለ 0 ይመራው የነበረውን ጨዋታ 42 ለ 40 አሸንፏል። ቢልስንም የተቀላቀለው በ1985 ስለሆነ፣ የቡድኑን የማጥቃት ስልት ከዳር ሆኖ ለዓመታት አጥንቶታል። በሂዩስተኑ ጨዋታ 4 የታችዳውን (ኳሱን ወደ ተጋጣሚ የመጨረሻ ክልል በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) ኳሶችን ሲያቀብል ሦስቱን የተቀበለው አንድሬ ሪድ ነው።

መልስ 2፦ ክብሩን ሁሉ ለአንድ ሰው መስጠት ግን አይገባም። በጭማሪው ሰዓት የቢልሱ ኔት ኦዶምስ ኳሱን ባይነጥቅ፣ ስቲቭ ክሪስቲም ከ32 ያርድ መትቶ ባያስቆጥር ኖሮ ዛሬ ይህን ባልተወያየን።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ታዲያ ራይክ ከዚያ በኋላ ቋሚ ሆነ?

መልስ 1፦ አልሆነም። በቀጣዩ ግጥሚያ ፒትስበርግን 24 ለ 3 ካሸነፉ በኋላ ኬሊ አገግሞ ቦታውን ተረከበ።