በእርምጃ የሚቃጠለውን ካሎሪ ማሽኑን ልመን ወይስ ሰዓቱን?

ጥያቄ፦
ክብደቴ 70 ኪሎ ግራም ነው። በትሬድሚል ላይ ዳገት ሳልጨምር በሰዓት 4.8 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለአንድ ሰዓት ስራመድ፣ ማሽኑ 310 ካሎሪ፣ በእጄ ያሰርኩት ሰዓት ደግሞ 190 ካሎሪ እንዳቃጠልኩ ያሳያሉ። ክብደት ለመቀነስ የምመገበውን እየቆጠርኩ ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል ሆኖ አልታየኝም። የትኛውን ልያዝ?

መልስ 1፦
ሁለቱንም ለጊዜው ይተዉአቸውና ራስዎ ያስሉት። በእረፍት ላይ ያለ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በሰዓት 1 ካሎሪ ገደማ ያወጣል። ይህ መጠን 1 ሜት ይባላል፤ የሌሎች እንቅስቃሴዎች ክብደትም የሚገለጸው የዚህ ስንት እጥፍ እንደሆኑ በመናገር ነው። እርስዎ በጠቀሱት ፍጥነት በሜዳ ላይ መራመድ ወደ 3.3 ሜት ስለሚጠጋ፣ በ70 ሲባዛ 231 ካሎሪ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ግን 70ው ቁጭ ብለው ቢውሉም የሚያወጡት ነበር፤ እርምጃው የጨመረልዎ 161 ብቻ ነው። ሰውነትዎ በቀን የሚያወጣውን ካሎሪ አስቀድመው አስልተው ከሆነ በላዩ ላይ መደመር ያለብዎት ይህንን ነው፤ 231ን ከደመሩ እረፍቱን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት ማለት ነው። ማሽኑን በተመለከተ፣ ክብደትዎን አስገብተውለታል? ካላስገቡ የሚያሰላው አስቀድሞ ለተሞላለት ሌላ ክብደት ነው።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው ስሌት እስማማለሁ። ዳገት ከተጨመረ ግን ቁጥሩ በፍጥነት ያድጋል፤ በዚያው ፍጥነት 5 በመቶ ዳገት ሲደረግበት ወደ 5.3 ሜት ይደርሳል። ይህ የሚሠራው ታዲያ እጅ ነጻ ሲሆን ነው። መደገፊያውን ይዞ ወደ ኋላ እየተንጠለጠለ የሚራመድ ሰው ክብደቱን በከፊል ለብረቱ አሸክሟል፤ ማሽኑ ግን ይህን ስለማያውቅ ሙሉውን ይቆጥርለታል።

መልስ 3፦
የእጅ ሰዓቶች የልብ ምትን ደህና አድርገው ይለካሉ፤ ከልብ ምት ተነስተው ካሎሪ ሲገምቱ ነው የሚስቱት። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 7 የእጅ መሣሪያዎችን ሲፈትሹ፣ በካሎሪ ግምት የተሻለ የተባለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ስቷል። ምክንያቱም ሙቀት፣ ቡና ወይም ጭንቀት የልብ ምትን ያፋጥናሉ እንጂ የዚያን ያህል ጉልበት አያስወጡም፤ ክብደት ማንሳትም እንዲሁ ነው። ከሁሉ የምተማመነው በብስክሌት ፔዳል ላይ በሚገጠም የዋት መለኪያ ነው። ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት ፔዳሉ ጋ የሚደርሰው ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህሉ፣ 1 ካሎሪም 4.2 ኪሎ ጁል ገደማ ስለሆነ፣ በኪሎ ጁል የተለካው ሥራ ከወጣው ካሎሪ ጋር በቁጥር ይቀራረባል፤ አንድ ሰዓት በ100 ዋት 360 ኪሎ ጁል፣ በግምትም 360 ካሎሪ ነው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲህ በ161 እይዛለሁ። ሰዓቱ ሳምንትን ከሳምንት ለማነጻጸር ይጠቅመኝ ይሆን?

መልስ 1፦
የሚያስሩት የእጅ ሰዓት ያው እስከሆነና እንቅስቃሴው እስካልተለወጠ ድረስ ይጠቅማል። ክብደትዎ ሲቀንስ ግን ስሌቱንም አብረው ያሻሽሉ፤ 65 ኪሎ ሲደርሱ 161 የነበረው ወደ 150 ይወርዳል።