የፓተንት መርማሪ በዘጋው ፋይል ብዛት ይመዘን?

አወያይ፦ በጅማ የምንገኝ የቡድናችን አባላት የዚህ ሳምንት ክርክር፣ የፓተንት (ፈጠራን ለተወሰነ ዘመን ለባለቤቱ ብቻ የሚያስጠብቅ መብት) ማመልከቻ የሚመረምር የመንግሥት ሠራተኛ አፈጻጸሙ በዋናነት በዘጋው ፋይል ብዛት ይመዘን ወይ የሚል ነው፤ ተከራካሪዎቹን በሰፈራቸው ስም እንጠራለን። መነሻችን የአሜሪካ የፓተንት ቢሮ ነው። እዚያ ከ2010 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ወዲህ መርማሪው በአዲስ ማመልከቻ ላይ የመጀመሪያውን የምርመራ ውጤት ሲጽፍ 1.25፣ የመጨረሻ ውድቅ ማድረጊያ ሲሰጥ 0.25፣ ፋይሉ ሲዘጋ ደግሞ 0.5 ነጥብ ይያዝለታል።

የቆጪዋ (የሰው ሀብት ባለሙያ)፦ ይመዘን ባይ ነኝ። ቁጥር የሌለው ምዘና ምን እንደሚመስል በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ የግማሽ ዓመቱ ቅጽ ሲመጣ ኃላፊው ከማንም ጋር ላለመቀያየም ሲል ለሁሉም ከዘጠና በላይ ይሞላል፣ ሲተጋ የከረመውም ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ ሲጠፋ የከረመውም እኩል ይወጣሉ። የተዘጋ ፋይል ግን ይቆጠራል፤ ይሉኝታም አያውቅም።

የጅረኑ (የምሕንድስና መምህር)፦ እህታችን ስለ ይሉኝታው ያሉት ትክክል ነው፤ ሆኖም ፋይል ከፋይል ይለያል። በአገራችን የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ለግልጋሎት ሞዴል (ለአነስተኛ ፈጠራ ለሚሰጥ ጥበቃ) የሚቀርብ ፈጠራ አዲስነትና በኢንዱስትሪ ተግባራዊ መሆን ሲበቃው፣ ፓተንት ግን ከእነዚህ በተጨማሪ ፈጠራዊ ብቃት (ለሙያው ሰው በቀላሉ የማይታይ መሆን) ይጠየቅበታል። እዚሁ ከተማችን አንድ የብረታ ብረት ባለሙያ የእሸት ቡና መፈልፈያውን ወንፊት አሻሽሎ የሚያቀርበውን ማመልከቻ፣ አንድ መድኃኒት አምራች ስለ አዲስ ውህድ ከሚያስገባው ጋር እኩል አንድ ብሎ መቁጠር ምዘና አይባልም። እንዲህ ከተቆጠረ መርማሪው ቀላሉን ያስቀድማል፣ ከባዱን ያሳድራል፤ የሩብ ዓመቱ መዝጊያ ሲቃረብም ፈጠራው ከዚህ በፊት መኖር አለመኖሩን የሚያጣራበትን ፍለጋ አሳጥሮ ይፈርማል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ስህተቱ የሚታወቅበት ጊዜ ነው። ያለአግባብ የተሰጠ ፓተንት ለ15 ዓመት፣ በአገር ውስጥ በሥራ ላይ ከዋለም ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊጸና ስለሚችል፣ ቀድሞውንም ያንኑ ዕቃ ሲሠራ የኖረ ወርክሾፕ ክስ ሲደርሰው መርማሪው በዚያ ፋይል ዕድገቱን አግኝቶ ሊሆን ይችላል። የትኛው የስድስት ወር ቅጽ ነው ይህን የሚይዘው?

የሂርማታው (ጠበቃ)፦ መምህር፣ መዘግየትም ጉዳት መሆኑን አይዘንጉ። የፓተንት ዘመን የሚቆጠረው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ ጥንቃቄ በሚል ስም ጠረጴዛ ላይ ያደረ እያንዳንዱ ዓመት ከፈጠራ ባለቤቱ ዘመን ላይ ይቀነሳል። ደንበኛዬን «መርማሪው ጥራት ላይ ነው» ብዬ ላጽናናው አልችልም።

የቆጪዋ፦ እኔም ፋይል ሁሉ እኩል ይቆጠር አላልኩም። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ለመርማሪው የሚሰጡት ሰዓት እንደ ቴክኖሎጂው ክብደትና እንደ ሠራተኛው ደረጃ ይለያያል፤ ጥራትም ራሱን ችሎ ይመዘናል። እኛም ለፋይሎቹ ክብደት እንስጥ፣ ከተዘጉት ጥቂቱን በዕጣ አውጥተን ሌላ መርማሪ ይያቸው።

የጅረኑ፦ በዕጣው እስማማለሁ፤ ነገር ግን የሚያየው ሰው የዚያው ቡድን አስተባባሪ ከሆነ ወደዚያው ዘጠና ምናምን መመለሳችን ነው። ውድቅ የተደረጉትም ከዕጣው ውስጥ ይግቡ፤ ፓተንት የተሰጠባቸው ብቻ ከታዩ ሰነፍ መርማሪ ምክንያቱን ሳያብራራ መከልከልን መጠለያ ያደርገዋል። ፋይሉን ደግሞ የሚያየው መርማሪ ሰዓትም በራሱ ዕቅድ ውስጥ ይያዝለት። አለበለዚያ ሁለተኛው መርማሪ የራሱን ፋይል ለመዝጋት ሲጣደፍ የባልደረባውን ሳያነብ ይፈርማል።

የሂርማታው፦ ይህ ከሆነ ተቃውሞዬን ትቻለሁ፤ አመልካቹ የውሳኔውን ቀን አስቀድሞ እንዲያውቅ የሚያስገድድ የጊዜ ገደብ ግን አብሮ ይጻፍልኝ።