ሳይግነስ «ከሸፈ» የምትሉ ሰዎች

ባለመፍቻ፦ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ስንቅ ስለሚያደርሰው ሰው አልባ የጭነት መርከብ «ሳይግነስ ከሸፈ» የሚለውን ርዕስ እየተቀባበላችሁ የምታጋሩ፣ ከሸፈ ማለት ምን እንደሆነ አስረዱኝ እስቲ። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2025 ወደ 5 ቶን የሚጠጋ ጭነት ይዞ በፋልከን 9 ሮኬት ወጣ። በ16 ዋናው ሞተር ሁለት ጊዜ ካሰቡት ቀድሞ ጠፋ። በ17 ይደርሳል የተባለው በ18 ደረሰ፣ ጠፈርተኛው ጆኒ ኪም በጣቢያው የሮቦት ክንድ ያዘው። የአንድ ቀን መዘግየት ክሽፈት ሆነ?

ጉለሌ፦ መድረሱንማ ደረሰ። ሞተሩን ያጠፋው ግን ብልሽት አይደለም፣ የራሱ ሶፍትዌር ነው። የናሳ ማብራሪያ ጥንቃቄ የበዛበት የደህንነት ገደብ ነው ይላል። ጥንቃቄ የበዛበት! ጤነኛ ሞተር የሚያጠፋ ቁጥር በእኛ አገር ስህተት ነው የሚባለው።

ባለመፍቻ፦ ያኔ 7 ሰው ወደነበረበት ጣቢያ የሚጠጋ ነገር ላይ ገደቡን ልል ታደርገዋለህ? ጅብ ከሄደ ከሚጮህ ውሻ ሳይመጣ የሚጮኸው ይሻላል።

ጉለሌ፦ ጣቢያውን አታስገባብን። ያኔ ሞተሩ የሚበራው ምሕዋሩን ከፍ ለማድረግ ነበር፣ ጣቢያው ገና ሩቅ ነው። ደግሞ ውሻው የ2025ቱ ብቻ አይደለም። ኦገስት 2024 ላይም የሌላ ሳይግነስ ኮምፒውተር ወደ ሞተር ማስነሻው ቅደም ተከተል ዘግይቶ ስለገባ የመጀመሪያው ማስነሳት አመለጠ። የሚቀጥለው ደግሞ የመነሻ ግፊቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለታየው ተሰረዘ። ሞተሩ ምንም አልነበረበትም። ሌሊቱን ሙሉ በባዶ ሜዳ ሲጮህ ጎረቤት አይተኛም።

ባለመፍቻ፦ የ2024ቱ እኮ በቀኑ ነው የደረሰው!

ራዳር፦ ክሽፈት ካማራችሁ፣ ኦክቶበር 2014 አንታሬስ የሚባለው ሮኬት አሜሪካ ካለው የዋሎፕስ ማስወንጨፊያ ተነስቶ በሰከንዶች ውስጥ ሳይግነስን ይዞ ፈነዳ። ኤፕሪል 2015 የሩሲያው የጭነት መርከብ ፕሮግረስ ኤም-27ኤም ከሮኬቱ ሲለያይ ተበላሽቶ እየተሽከረከረ ቀረ። ጁን 2015 ፋልከን 9 ውስጥ የሂሊየም ጋን የያዘው ብረት ተሰብሮ የጫነው የስፔስኤክስ የጭነት መርከብ ድራገን በ139ኛው ሰከንድ አብሮ ጠፋ። በስምንት ወር ሦስት መርከብ! ጣቢያው የወራት ስንቅ ባያስቀምጥ ኖሮ ያኔ ነበር ማልቀስ።

ዶሮ ማነቂያ፦ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ድራገንና ፕሮግረስ ራሳቸው መጥተው ይጋጠማሉ። ሳይግነስ ለምን እንደ ሕፃን በክንድ ይታቀፋል?

ራዳር፦ ለማቅለል ነዋ። ወደ 10 ሜትር ተጠግቶ ይቆማል፣ ማስተካከያ ሞተሮቹ ይታገዳሉ፣ ክንዱ የመርከቡን መያዣ ፒን ይይዛል፣ ከዚያ በሞተር የሚጠብቁ 16 ብሎኖች ከጣቢያው ጋር ያስሩታል። የመጋጠሚያ ማሽን ክብደት አይሸከምም።

ዶሮ ማነቂያ፦ ክብደቱን ቆጥቦ የጠፈርተኛ ሰዓት ይበላል። ሲመለስም ከጣቢያው ቆሻሻ ጋር ተቃጥሎ ያልቃል፣ ድራገን ግን ናሙና ይዞ ይወርዳል።

ራዳር፦ ቆሻሻውንስ ማን ያውጣ? አንተ ትመጣለህ?

ጉለሌ፦ ወሬ አታዙሩ። ናሳ ጥንቃቄ የበዛበት ስላለው ገደብ የጠየቅኩትን ማንም አልመለሰልኝም። መጀመሪያ ሲጠፋ ገደቡን ለምን አላላሉትም?

ባለመፍቻ፦ ምክንያቱን ሳታውቅ ገደብ ታላላለህ?

ጉለሌ፦ ምክንያቱ ራሱ ገደቡ ነበራ!