«የራሱን ፍራንከንስታይን ፈጠረ» በአማርኛ ምን ይባላል?

ቃል ለቃሚ፦

ሰላም ቤተሰብ። አንድ የእንግሊዝኛ መጣጥፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ጸሐፊው ስለ አንድ ፓርቲ ሲያወራ «የራሱን ፍራንከንስታይን ፈጠረ» ይላል። ራሱ አውጥቶ ያገነነው ሰው መልሶ አጠፋው ለማለት ነው። እኔ «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» በሚለው ልተካው አስቤያለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ «የራሱን ጭራቅ ፈጠረ» በለው አለኝ። ጋሽ የፊደል ሰው፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

የፊደል ሰው፦

ሁለቱንም አልወደድኳቸውም ልጄ። በመጀመሪያ ግን ስሙን እናጥራ።

ፍራንከንስታይን በልብ ወለድ ውስጥ ከሬሳ ቁርጥራጭ ፍጡር የሠራው ሰው ስም ነው፤ የተሠራው ስም የለውም። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሜሪ ሼሊ ልብ ወለዱን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1816 በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ነው። ገና 18 ዓመቷ ነበር። መጽሐፉ በ1818 ለንደን ሲታተም የደራሲዋ ስም እንኳ አልነበረበትም። ዋናው ሰው ቪክቶር ፍራንከንስታይን የገዛ እጁን ሥራ «ሰይጣን»፣ «ርጉም» እያለ ይሰድበዋል እንጂ ስም አያወጣለትም። በ1823 ታሪኩ ቲያትር ሆነ። በተዋንያን ዝርዝር ላይ በፍጡሩ ስም ቦታ ሰረዝ ብቻ ተሰመረ። ሼሊ ይህን አይታ ደስ ብሏታል።

በ1931 የሆሊውዱ ዩኒቨርሳል ኩባንያ ታሪኩን ፊልም አድርጎ ሲሠራም ነገሩ ቀጠለ። ዳይሬክተሩ ጄምስ ዌል ነው። መክፈቻው ላይ ፍጡሩን ማን እንደሚጫወተው ሲገለጽ የሚታየው የጥያቄ ምልክት ነው። የተዋናዩ የቦሪስ ካርሎፍ ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሕዝቡ ግን ለዚያ ፊት ስም ፈለገና የጌታውን ስም ሰጠው። በእኛ ልማድ ካየነውማ ልጅ በአባቱ ስም መጠራቱ ወግ ነው። ስለዚህ «ፍራንከንስታይን የፍጡሩ ስም አይደለም» እያሉ ሰው የሚያርሙ ሰዎች ትንሽ ቢለዝቡ ደስ ይለኛል።

ወደ «ጭራቅ» ልምጣ። የተረታችን ጭራቅ ሰው በላ ነው። የተወለደውም ጭራቅ ሆኖ ነው፤ ማንም አልሠራውም። የካርሎፍ ፍጡር ሰው አይበላም። ከሬሳ ቁርጥራጭ የተሰፋ፣ ምን እንደሆነ ራሱም የማያውቅ ምስኪን ነው። እንግሊዝኛው የሚጠራበት ቃል፣ «ሞንስተር»፣ ከላቲን የመጣ ነው። በላቲን ደግሞ የሚያስጠነቅቅ ምልክት፣ ያልተለመደ ክስተት ማለት ነበር። ለእሱ የሚቀርበው የእኛ ቃል «ጉድ» ይመስለኛል። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» የምንለው ጉድ ማለቴ ነው። የሚያስደነግጥ፣ የሚያስገርም፣ አንድ ነገር ሊመጣ ነው የሚያሰኝ።

ስለ ፊልሙ ስናወራ ግን «ፍጡር» ማንም አይበልጠውም። «ፈጣሪ» የሚለው ቃል ከጎኑ ስለሚቆም።

ሲኒማ ወዳጅ፦

እዚህ ላይ ልግባ። ፊልሙ ውስጥ ዶክተሩ፣ እዚያ ሄንሪ ነው የሚባለው፣ የፍጡሩ እጅ ሲንቀሳቀስ አይቶ ይጮሃል። ያንን ጩኸት «ሕያው ነው!» ብሎ የተረጎመ ሰው አውቃለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሽታ አለው። እኔ ብሆን «ነፍስ ዘራ!» እላለሁ። ቀጥሎ ደግሞ «አምላክ መሆን ምን እንደሚመስል አሁን ገባኝ» ይላል። ፊልሙ በኋላ እንደገና ለእይታ ሲቀርብ ሳንሱር ይቺን አረፍተ ነገር በነጎድጓድ ድምፅ ሸፈናት። በአማርኛ «ፈጣሪ መሆን ምን እንደሚመስል አሁን ገባኝ» ብንለው አምላክንም ሠሪንም በአንድ ቃል እንይዛለን። እንግሊዝኛው ይህን ዕድል አላገኘም።

ቃል ለቃሚ፦

«ነፍስ ዘራ» የሚባለው እኮ ራሱን ስቶ ለነቃ ሰው ነው። ይሄ መቼ ኖሮ ያውቃል?

ሲኒማ ወዳጅ፦

ቁርጥራጩ ኖሯል! ለማንኛውም «ነፍስ ዘራበት» ካልን ሠሪው ይገባበታል። እሱም ያስኬዳል።

የፊደል ሰው፦

ጥሩ ነው። አሁን ወደ «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ»። ይህን አነጋገር ማን ነው የሚለው? ያጎረሰ ሰው ነው። ደግ የዋለ፣ ያበላ፣ ከዚያ የተካደ። ቪክቶር ግን መቼ አጎረሰ? መጽሐፉ ላይ ፍጡሩ ዓይኑን እንደ ገለጠ ቪክቶር ጥሎት ነው የሚሸሸው። ፍጡሩ ብቻውን ጫካ ለጫካ ይንከራተታል። ከአንድ ጎጆ ጥግ ተደብቆ ቋንቋ ይማራል፣ መጽሐፍ ያነባል። በኋላ ፈጣሪውን ሲያገኘው ምን ይለዋል? «ደግና ቅን ነበርኩ፤ መከራ ነው ሰይጣን ያደረገኝ» ይለዋል። ለእንዲህ ያለ አባት «ባጎረስኩ» የሚለውን ማዋስ ጥፋቱን አጥቦ ንጹሕ ማድረግ ነው።

ሲኒማ ወዳጅ፦

ጋሼ፣ ፊልሙ ግን እንደዚያ አይደለም። ካርሎፍ ያቃስታል፣ ያጉረመርማል እንጂ አንድ ቃል አይናገርም። ከዚያ በላይ ደግሞ አእምሮ የሚለውን ነገር አስገቡበት። ረዳቱ ፍሪትዝ ጤነኛውን አእምሮ ከነጠርሙሱ ይጥልና የወንጀለኛውን ሰርቆ ይመጣል። በዚህ ከሄድን ነገሩ «ከእባብ እንቁላል እርግብ አይፈለፈልም» ሆነ ማለት ነው። ክፋቱ ከውስጡ ነው፤ አሳዳጊው ነጻ።

ግን የሚገርመው ትወናው ይህን ያፈርሰዋል። ጣሪያው ተከፍቶ ብርሃን ሲገባ ፍጡሩ ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ብርሃኑን ሊይዝ። ፍሪትዝ ደግሞ በችቦ ያሠቃየዋል። የሐይቁ ትዕይንት አለ፦ ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር አበባ ውሃ ላይ እየጣሉ ይጫወታሉ። አበባው ሲያልቅ ልጅቷን ይጥላታል፤ እንደ አበባው የምትንሳፈፍ መስሎት ነው። ያንን የመጨረሻ ክፍል ቆረጡት። ተመልካቹ ያየው እጁን ወደ ልጅቷ ሲዘረጋ ነው፤ ከዚያ አባትዬው ሬሳዋን ተሸክሞ ሲመጣ። ሰው በመካከል ምን እንደ ገመተ እናንተ አስቡት። የተቆረጠው የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው። እስከዚያ ድረስ መቀሱ ነበር ጭራቅ ያደረገው ብል አላጋነንኩም።

የፊደል ሰው፦

እህ፣ ይሄንን አላውቅም ነበር። ግን ነገሬን ያጠናክርልኛል።

ለቃሚ፣ አንተ ጋ ስንመለስ፦ ጸሐፊህ ፓርቲውን እየወቀሰው ከሆነ «የእጁን አገኘ» በል። አጭር ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ጥፋቱም ከሠሪው አይወርድም። ታሪኩ ራሱ የእጅ ሥራ ነውና «እጅ» መግባቱ ግጥም ይላል። የመፍጠሩ ነገር እንዳይጠፋ ከፈለግህ «የገዛ እጁ ፍጡር በላው» ልትል ትችላለህ።

ፓርቲውን እያዘነለት ከሆነ ግን «ባጎረስኩ»ህን ተወው፣ ይሁን። ጽሑፉን አላየሁትም።

ቃል ለቃሚ፦

እየወቀሰው ነው ጋሼ። ያውም አጥንቱ ድረስ! «የገዛ እጁ ፍጡር በላው»ን ወስጃለሁ። «ፍራንከንስታይን» የሚለውን ስምስ ላስቀረው?

የፊደል ሰው፦

አታስቀረው። ርዕሱ ላይ አንድ ጊዜ ጥቀሰው፤ ፊልሙን ያየው ብዙ ነው። ውስጥ ላይ ግን በአማርኛ ሂድ።

ሲኒማ ወዳጅ፦

ጎግል ላይ ፎቶ ስትፈልግለት ብቻ አደራ፦ አንገቱ ላይ ያለው ብሎን አይደለም። ኤሌክትሪክ የሚገባበት ነው። የሜካፕ ባለሙያው ጃክ ፒርስ እንዲያ ብሎ ነው ያሰበው።