«ኦን ሚ» እና የእኛ «ብኝ»

ጥያቄ፦ ፊልም ላይ አንዱ «ማይ ካር ዳይድ ኦን ሚ» ሲል ሰማሁ። መኪናው ላዩ ላይ ሞተ ማለት ነው? ግራ ገባኝ።

መልስ፦ «መኪናዬ ቆመብኝ» ማለቱ ነው። ትምህርት ቤት «ኦን» ማለት «ላይ» ነው ተብለን ተማርን፤ መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ በቃ። እዚህ ግን «ላይ»ን ተዉትና «ብኝ»ን አስቡ።

እዚህ ጅማ ባጃጅ መንገድ መሐል ቀጥ ሲል ሾፌሩ «ቆመ» ብቻ አይልም፤ «ቆመብኝ» ነው የሚለው። ያቺ «ብኝ» ሞተሩ የት እንደቆመ አትነግረንም። ጣጣው ማን ላይ እንደወደቀ ነው የምትነግረን። የ«ኦን ሚ»ም ሥራ ይኸው ነው።

ሌሎቹንም ሞክሯቸው። «ሂ ቺትድ ኦን ኸር»፦ ማገጠባት። «ዶንት ጊቭ አፕ ኦን ሂም»፦ ተስፋ አትቁረጥበት። «ሺ ሀንግ አፕ ኦን ሚ»፦ ስልኩን ዘጋችብኝ። እንግሊዝኛና አማርኛ የሥጋ ዘመድ አይደሉም፤ እንዲህ ሲገጥሙ ሳይ በጣም ደስ ይለኛል።

የመጨረሻውን ልብ በሉት። «አፕ» የ«ሀንግ» ነው፣ «ኦን» ደግሞ የ«ሚ»። «ሀንግ አፕ» ብቻውን ስልክ መዝጋት ነው፤ ቅሬታው የሚመጣው «ኦን ሚ» ሲከተል ነው። የእኛን «ጭጭ አለብኝ» ፈታ አድርጋችሁ እዩት፦ ጭጭ፣ አለ፣ ብኝ። «አለ» እዚህ ቦታ መናገር አይደለም፣ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ይህን እንግሊዞቹ «ሂ ዌንት ኳየት ኦን ሚ» ይሉታል።

ጥያቄ፦ እንግዲያው «ልኝ» «ፎር ሚ» ነዋ?

መልስ፦ አንዳንዴ። «ኢት ዎርክድ አውት ፎር ሚ» ብንል «ተሳካልኝ» ነው። ሁልጊዜ ግን አይሠራም። የካቲት አካባቢ ዝናብ ጠብ ሲል ቡናው ያብባል፤ ያኔ እናቴ «ተመስገን፣ ዘነበልን» ትላለች። ኅዳር ላይ ደግሞ እሸት ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ሰማዩ ሲጠቁር ሸራ ይዛ ትሮጣለች፤ «ኧረ ድረሱ፣ ሊዘንብብን ነው!» ዝናቡ ያው ዝናብ ነው። የተለየው አንድ ፊደል ነው፣ «ል» እና «ብ»። «ኢት ሬይንድ ኦን አስ» ይባላል። «ኢት ሬይንድ ፎር አስ» ብሎ ግን «ዘነበልን» ማለት አይሆንም፤ ደስታውን በሌላ ቃል መናገር ግድ ነው።

ጥያቄ፦ «ዲፔንድ ኦን»ስ? እሱ ውስጥ ጉዳት የለም።

መልስ፦ ትክክል፣ እሱ ሌላ ነው። እኔ የምለየው ቆርጬ በማየት ነው። «ማይ ካር ዳይድ» ብላችሁ ብታቆሙ ወሬው ሙሉ ነው፤ የቀረው ቅሬታው ብቻ ነው። «አይ ዲፔንድ» ብላችሁ ብታቆሙ ግን ሰሚው «በማን?» ብሎ ይጠብቃል። ያ «ኦን» የግሡ ነው፣ ከነግሡ መሸምደድ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ። «ዘ ኮፊ ኢዝ ኦን ሚ»?

መልስ፦ «ቡናው በኔ ነው።» እዚህም «በ» አለች፣ አያችሁ?