ዴቢያን 12 ያለ ዴስክቶፕ፦ የጀርመን ኪቦርድ፣ የኮንሶል ስክሪኖች እና ፊደል ማሳየት

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ለሥልጠና የተዘጋጁ 12 ያገለገሉ ላፕቶፖች አሉ። ዴቢያን 12 የሚባለው ሊኑክስ ነው የተጫነባቸው፤ ዴስክቶፕ የላቸውም፣ ሥራው ሁሉ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት በጥቁሩ ኮንሶል ነው። ኪቦርዳቸው የጀርመን ሲሆን ኢንስቶል ሲደረግ ግን ዩኤስ ተመርጧል። ስለዚህ ዋይ ሲነካ ዜድ ይጽፋል፣ ሰረዝ ሲነካ ስላሽ ይወጣል። አቀማመጡን ወደ ጀርመን ለመቀየር "ሎድኪስ ዲኢ" ሲባል ፋይሉን መክፈት አልቻልኩም ይላል።

ሁለተኛ፣ በአልትና በኤፍ ቁልፎች የሚቀያየሩት የኮንሶል ስክሪኖች ከ6 አያልፉም፤ በአልት እና ኤፍ7 ሲኬድ ባዶ ጥቁር ነው። ሦስተኛ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ያለው ፋይል ፋይል በሚያሳየው ትእዛዝ በ"ካት" ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅርጽ ሆኖ ይደረደራል። መፍትሔ የምታውቁ?

ነፋሻማ (አዳማ)

ከኪቦርዱ ልጀምር። ዴቢያን ሎድኪስ የሚያነባቸውን ፋይሎች ለብቻቸው "ኮንሶል-ዳታ" በሚባል ፓኬጅ ነው ያስቀመጣቸው፤ ፓኬጁ ከሌለ የሚከፈት ፋይል የለም። ብትጭነውም አይጠቅምህም፣ ምክንያቱም ሎድኪስ የሚቀይረው እስከሚቀጥለው ሪስታርት ብቻ ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር 12 ማሽን ላይ ልትደግመው ነው።

/ኢቲሲ/ዲፎልት/ኪቦርድ የሚለውን ፋይል በናኖ (የጽሑፍ ማረሚያ) ክፈት። ሞዴሉ ፒሲ105 መሆኑን አረጋግጥ፤ የጀርመን ኪቦርድ ከግራ ሺፍት ጎን የአሜሪካው የሌለው አንድ ቁልፍ አለው፣ ፓይፕ (|) የሚገኘውም በአልትጂአር እዚያው ላይ ነው። ሌይአውቱ (የቁልፎቹ አቀማመጥ) ላይ ዲኢ፣ ኮማ፣ ዩኤስ ብለህ ጻፍ፤ መሃሉ ክፍት ቦታ አይግባ። ቫርያንቱ ላይ አንድ ኮማ ብቻ አስቀምጥ፣ የኮማው ቁጥር ከሌይአውቱ ጋር መመሳሰል አለበት። ኦፕሽን ላይ "ጂአርፒ፡አልት_ሺፍት_ቶግል" ካደረግህ በአልትና ሺፍት ሁለቱን ታቀያይራለህ። ፋይሉን ሴቭ አድርገህ "ሱዶ ሴትአፕኮን" በል። ይህን ማሽኑ ፊት ቁጭ ብለህ እንጂ በኤስኤስኤች (ከሌላ ማሽን በኔትወርክ ገብተህ) አታድርገው፤ ትእዛዙ ኮንሶል ላይ አይደለንም ብሎ ምንም ሳይነካ ይመለሳል።

አሁን ዋናው አደጋ። ፓስወርዱ ውስጥ ዋይ፣ ዜድ ወይም ምልክት ካለ፣ የተመዘገበው በዩኤስ አቀማመጥ ስለሆነ በጀርመኑ አይገባልህም። ከመቀየርህ በፊት ሌላ ስክሪን ላይ በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) ገብተህ ክፍት ተወው፣ ከቀየርህ በኋላ "ፓስውድ" ብለህ አድሰው። ሎግኢን ላይ ፓስወርድ ስትጽፍ ምንም ስለማይታይ፣ የተጠቃሚ ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ ዋይ፣ ዜድና ሰረዝ ነካክተህ የሚወጣውን እይና አጥፋው። ዲስኩ ኢንክሪፕት የተደረገ ከሆነ "አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ ሰረዝ ዩ" የግድ ነው፤ ቡት ሲያደርግ ፓስወርድ የሚጠየቀው በአሮጌው አቀማመጥ ይቀራልና።

ባለ ቴርሚናል (ሐዋሳ)

ስክሪኖቹን በተመለከተ፦ 6 የሎግንድ (የሎግኢን አስተዳዳሪው ፕሮግራም) ልክ ነው፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) እስከ 63 ይፈቅዳል። /ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሎግንድ.ኮንፍ ውስጥ ኤንአውቶቪቲስ የሚለውን ከፊቱ ያለውን የ# ምልክት አጥፍተህ 9 አድርገው፣ ከዚያ ሪስታርት። ሎግኢን የሚከፈተው ወደ ስክሪኑ ስትሄድ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩን ማብዛት ራም አይበላም፤ ራም ለመቆጠብ ብሎ መቀነስም ከንቱ ድካም ነው። /ኢቲሲ/ዲፎልት/ኮንሶል-ሴትአፕ ውስጥም አክቲቭ ኮንሶልስ የሚለው ከ1 እስከ 6 ተብሎ ተቀምጧል፤ እሱንም እስከ 9 ካላደረስከው ፎንቱ ከ7 በኋላ ሳይገባ ይቀራል።

ለሥልጠና የምመክረው ሌላም አለ፦ የሲስተሙን መልእክት የሚመዘግበው ፕሮግራም ፋይል፣ ጆርናልድ.ኮንፍ፣ ላይ ፎርዋርድ ቱ ኮንሶል "የስ"፣ ቲቲዋይ ፓዝ ደግሞ /ዴቭ/ቲቲዋይ12 (12ኛው ስክሪን) ይሁን። ሰልጣኙ አልትና ኤፍ12 ሲነካ የሲስተሙ መልእክት ሲወርድ ያየዋል። ላፕቶፕ ላይ ኤፍ ቁልፎቹ የድምፅና የብርሃን ከሆኑ ኤፍኤንን ጨምሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ነፋሻማ (አዳማ)

ፊደሉ ደግሞ ቀላል ነው፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም፤ ዴቢያን የኢትዮጵያ ፊደል የኮንሶል ፎንት ይዞ ነው የሚመጣው። "ሱዶ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ኮንሶል-ሴትአፕ" በል፣ ዩቲኤፍ-8 ምረጥ፣ ቀጥሎ ኢትዮፒክ የሚለውን፣ ከዚያ "ጎሃ" ወይም "ጎሃ ክላሲክ"። በ12፣ 14 እና 16 ቁመት አሉ፤ 16ን ውሰድ፣ በሌሎቹ ጸ እና ጿን መለየት ዓይን ያደክማል።

የኮንሶል ፎንት ቢበዛ 512 ቅርጽ ነው የሚይዘው። የዩኒኮድ ዋናው የግዕዝ ክፍል 384 ቦታ ስላለው ከላቲኑ ጋር ይበቃዋል፤ የአፋን ኦሮሞ ቁቤም ሆነ የሲዳሙ አፎ ጽሑፍ ሳይበላሽ አብሮ ይታያል። ዋጋው ግን አለ፦ ከ256 በላይ ሲኬድ ለደማቅ ቀለም የተመደበው ቢት ይወሰዳል፣ 16 የጽሑፍ ቀለም 8 ይሆናል።

ይህ ለማንበብ ነው፣ ኪቦርዱ በራሱ አማርኛ አይጽፍም። ለመጻፍ "ኢማክስ-ኖክስ" የሚባለውን የጽሑፍ ማረሚያ ጫንና ክፈት። ኮንትሮልና ኤክስ፣ ኢንተር፣ ከዚያ ኮንትሮልና ባክስላሽ፤ ስም ሲጠይቅ "ኢትዮፒክ" በል። ኤስ ስትነካ ስ ይወጣል፣ ኢ ስትጨምር ሰ ይሆናል፤ ኤል ከዚያ ኤ ላ ነው፣ ኤም ብቻዋን ም። በጀርመን አቀማመጥ ባክስላሽ ያለው በአልትጂአር ስለሆነ ኮንትሮልን ጨምሮ መያዝ ጣት ያጣምማል፤ ወደ ዩኤስ ቀይረህ ጀምር።

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)

እጅግ አመሰግናለሁ፣ አንዱ ማሽን ላይ ተሞክሮ ሠርቷል። ሁለት ነገር ቀረ፦ ስክሪኑ 1366 በ768 ስለሆነ ፊደሉ ከኋላ ወንበር አይነበብም፤ በሺፍትና ፔጅአፕ ወደ ላይ መመለስም አልተቻለም።

ባለ ቴርሚናል (ሐዋሳ)

በጎሃ 16 አሁን 170 ዓምድ በ48 መስመር ነው ያለህ። "ሴትፎንት ሰረዝ ዲ" ብለህ ቀጥሎ የፎንቱን ፋይል ስም ኢትዮፒያን-ጎሃ16 ብለህ ስጠው፤ እጥፍ ያደርገዋል፣ 85 በ24 ይሆናል። በቂ ነው።

ሺፍትና ፔጅአፕ ከከርነል 5.9 ጀምሮ ወጥቷል፣ ማሽኑ አልተበላሸም። ረጅም ውጤት ሲኖር በገጽ በገጽ ወደሚያሳየው "ሌስ" በፓይፕ አስተላልፈው፣ የቡት መልእክት ከሆነ "ጆርናልሲቲኤል ሰረዝ ቢ"፣ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ የሚያስችለውን ቲመክስ ጫንለት። ስክሪኑ እንዲጠፋ ከፈለግህም ልብ በል፦ "ሴትተርም" ላይ የሚጻፈው ቁጥር ደቂቃ ነው፣ በግራብ (ማሽኑን ቡት በሚያደርገው ፕሮግራም) የሚሰጠው "ኮንሶልብላንክ" ግን ሰከንድ። እዚያ 10 ብትል አስተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ይጠፋል፤ ለ10 ደቂቃ 600 ነው።